ጉርድ ካርዳን፦ የኋላ አክስል ቅያሬ ታሪክ በአዲስ አበባ

የኋላ አክስል ቅያሬ ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው አሮጌውን አክስል ከነዲፈረንሻሉ ከባሌስትራው ፈትቶ በሌላ መተካት ሲሆን፣ ክሪክና ሁለት ጉልበተኛ ረዳት ከተገኘ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ሁለተኛው ካርዳኑን አዲስ ከገባው አክስል ጋር ማስማማት ነው። ጊዜውንም ገንዘቡንም የሚበላው፣ መካኒኩንም ከብሎን ፈቺው የሚለየው ይኸኛው ነው።

ካርዳን ከካምቢዮው ጀርባ የሚወጣውን ጉልበት ወደ ዲፈረንሻል የሚያሻግር፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ ነው፤ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፔለር ሻፍት ይሉታል። በሁለቱም ጫፎቹ ሁለት ሹካዎችን በመስቀል የሚያያይዝ ክሮቼራ አለው። አክስሉ ጉድጓድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ዘንጉ ሳይታጠፍ የሚከተለው በክሮቼራው ነው። ወገቡ ላይ ደግሞ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትበት ጥርሳም መጋጠሚያ አለ፤ ርቀቱ ሲያጥርና ሲረዝም ዘንጉም አብሮ ያጥራል፣ ይረዝማል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ተለክቶና ተስማምቶ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፎርዊል መኪኖች ታሪክ ግን በየዘመኑ ከየአገሩ የመጡ፣ በኢንችና በሚሊሜትር የተቆረጡ ብረቶች አንድ ሻንሲ ሥር ተስማምተው እንዲያድሩ የማድረግ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲድሊ የተባለ መኪና አመጣ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ሰሞን ሌላ መኪና ይዞ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አክስል ቀያሪ ቀርቶ የሚቀየር አክስልም አልነበረም። በዓለም ላይም ቢሆን ካርዳን ገና መልኩን መያዙ ነበር። ሐሳቡ ከጥንት የመጣ ነው። ስሙን የሰጠው ጂሮላሞ ካርዳኖ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ነው። ይሁንና ብዙዎቹ የመጀመሪያ መኪኖች የኋላ ጎማቸውን የሚያዞሩት እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር። ሰንሰለቱን ለማስጣል የረዳው አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር እ.ኤ.አ. በ1903 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ቅባቱን በውስጡ ይዞ የሚሽከረከር መጋጠሚያ ነው። የስፓይሰር ስም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የመለዋወጫ መደብሮች መደርደሪያ ላይ በካርቶን ታትሞ ይታያል።

ሙያው በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ፊያት፣ ላንቻና ኦኤም የጭነት መኪኖች በምጽዋ ወደብ በብዛት እየተራገፉ፣ ተራራ እየተሰነጠቀ በሚሠራው መንገድ ወደ መሃል አገር ገቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚወስደው መንገድ በጣርማ በር ተራራ ሆድ ውስጥ የሚያልፍበት ዋሻም የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በየዕለቱ አክስል ይሰበራል፣ ክሮቼራ ይበላል። በወታደራዊ ጋራዦች አካፋ ያዥና ዕቃ አቀባይ ሆነው የተቀጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ጣሊያን ሲወጣ ሙያውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። አገር ያልለቀቁ ጣሊያናውያን መካኒኮችም ከነፃነት በኋላ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ብዙ ረዳቶች አሠለጠኑ። ከመስቀል አደባባይ በስተደቡብ ያለው ላንቻ ሰፈር የተጠራው በዚያ የመኪና ስም ነው። ፊያት 634ም በሾፌሮች አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» እንደተባለ ቀርቷል።

የዘመኑን አሻራ ከሰፈር ስም ይልቅ አጥብቆ የያዘው የጋራዥ ቋንቋ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ክሮቼራ፣ ኩሽኔታ፣ ኮሮናና ፒኞን፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፣ ቶርኖ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አንድ ረዳት ጣሊያን አይቶ አያውቅም፤ አባቱም ላያይ ይችላል። «ክሮቼራው ተበልቷል» ሲል ግን በ1930ዎቹ በጋራዥ ውስጥ ይሰማ የነበረውን ቃል እየደገመ ነው። ከዚያ በኋላ የገባው ዕውቀት ሌላ ልብስ ለብሷል፤ ባላንስ፣ ስፕላይን፣ ትራንስፈር እንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ካርዳን ክፍሎች ሲጠሩ ዕድሜያቸውም አብሮ ይጠራል። መስቀሉ ጣሊያንኛ፣ ጥርሱ እንግሊዝኛ፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ሹካ ደግሞ አማርኛ ነው።

ጣሊያን የተወው መለኪያ ሚሊሜትር ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ብረት ግን በኢንች የተቆረጠ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው የአሜሪካ ጂፕም እንዲሁ። ግንቦት 1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጦር ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች እየበዙ ሄዱ። የመለኪያው ልዩነት ወረቀት ላይ ሲያዩት ኢምንት ነው። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ብሎን 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ለ10 ሚሊሜትር ብሎን የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ያለምንም ትግል ይገባል። ጣጣው የሚመጣው ከገባ በኋላ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የምታህለው ክፍተት ካርዳኑ የሚታሰርበት ፍላንጅ በተሽከረከረ ቁጥር ብሎኑን ወዲያና ወዲህ ታንገላታዋለች፤ ዳዶው ይላላል፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ በመጨረሻም ብሎኑ ይቆረጥና ካርዳኑ መንገድ ላይ ይወድቃል። የፊተኛው ጫፍ ከወደቀ ዘንጉ አስፋልቱን ተደግፎ መኪናውን ከኋላ ሊያነሳው ይችላል። የቆዩ መካኒኮች ብሎንን በዓይን መገመት የሚጠሉት ለዚህ ነው።

ላንድሮቨር በዓለም ፊት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ ሥራ ሲጀምር፣ ዋና ዋና መንገዶች መጠገን ያዙ፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለው አገር ግን የፎርዊል አገር ሆኖ ቀጠለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የሚሲዮን ጣቢያዎችና የጥናት ቡድኖች ላንድሮቨርን የሙጥኝ አሉት። አሉሚኒየም አካሉ አይዝግም፣ ሻንሲው ይበየዳል። ድክመቱ የኋላ አክስሉ ላይ ነበር። ሲሪየስ የሚባሉት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ጎማውን የሚያዞሩት የአክስል ዘንጎች አሥር ጥርስ ብቻ ያላቸው ስለነበሩ፣ በጭነት ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ቶሎ ሲለቀቅ ከጥርሱ ሥር ይቆረጣሉ።

ለረጅሙ ላንድሮቨር የተገኘው መድኃኒት ሳልስቤሪ የተባለው አክስል ነው። በአሜሪካው ዳና 60 ንድፍ እንግሊዝ አገር የተሠራ፣ ኮሮናው ወደ 25 ሴንቲሜትር የሚሰፋ፣ በክብደቱም በጥንካሬውም ከቀድሞው የሮቨር አክስል የሚበልጥ ነው። ባሌስትራው ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ የብዙ ሰው ስህተትም ከዚሁ ይነሳል። ባሌስትራው ላይ ልክ የገባ አክስል ሁሉም ነገሩ ልክ ይመስላል። የሳልስቤሪው አፍንጫ፣ ማለትም ፒኞኑ የሚወጣበት ክፍል፣ ከሮቨሩ ወደ ፊት ይረዝማል። ስለዚህ ያው መኪና፣ ያው ካምቢዮ፣ ያው ባሌስትራ ሆኖ ሳለ ካርዳኑ ማጠር አለበት። የሮቨሩ ካርዳን እንዳለ ከተገጠመ ጥርሳም መጋጠሚያው እስከ ጥጉ ይገባና መንሸራተቻ ያጣል። የመጀመሪያው ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ዘንጉ የሚያመልጥበት ሲያጣ ግፊቱን ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ወደሚያካፍለው ትራንስፈር ኩሽኔታ ያስተላልፋል። ትራንስፈሩ ተሰበረ ብሎ የመጣ ሰው በእውነቱ ያመጣው ከሦስት ወር በፊት የተሠራ የአክስል ቅያሬ ስህተት ነው።

ሁለቱ አክስሎች በጥገናቸውም አይመሳሰሉም። የሮቨሩ ዲፈረንሻል ዳዶዎቹ ሲፈቱ እንዳለ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሌላ ዲፈረንሻል ማስገባትም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሳልስቤሪው ግን ከኋላ ክዳኑ ተከፍቶ እዚያው ቤቱ ውስጥ ይስተካከላል፤ የኮሮናና የፒኞን ንክኪ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካበት ሥራ ስለሆነ ለሁሉም ሰው አይሰጥም።

የአዲስ አበባው ሰፈር ጉርድ ሾላ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በአቀማመጡ ነው። ስሙ ስለ ተቆረጠ የሾላ ዛፍ ይናገራል፤ ለካርዳን ቆራጮች የተስማማ ስም መሆኑ አጋጣሚ ነው። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲኤምሲና አያት የሚወስደው መንገድ ያልፍበታል። በሰሜኑ ኮተቤ፣ ከኮተቤ በላይ የየካ ተራራ፣ ከዚያም የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። ከተማው ወደዚህ ከመስፋቱ በፊት ሰፈሩ የአዲስ አበባ ጠርዝ ነበር። መኪኖችን ያመጡለት ደግሞ ተቋማት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም ከብት ማዕከል ወይም ኢልካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ወዲህ ኢልሪ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ግቢው ጉርድ ሾላ ነው። የማዕከሉ ተመራማሪዎች በደብረ ብርሃንና በደብረ ዘይት ጣቢያዎች ስለሚሠሩ በዳገትና በጭቃ የሚመላለስ መኪና ያስፈልጋቸው ነበር። ከፊያት ጋር በሽርክና እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ አምቼም በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ነው፤ ታክሲ ረዳቶች «አምቼ» ብለው የሚጣሩት በፋብሪካው ስም ነው። ፋብሪካና ትልቅ መሥሪያ ቤት ባለበት ደግሞ በዙሪያው ብየዳ ቤት፣ ጎሚስታና ቶርኖ ቤት መብቀሉ አይቀርም።

አብዮቱ የመኪናውን ዓይነት ገለበጠው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ወቅት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ስትዞር፣ ከታንኩና ከዚል የጭነት መኪናው ጋር ዋዝ 469 በብዛት ገባ። ዋዝ በሁለት ዓይነት አክስል የሚሠራ መኪና ነው። የጦሩ ዋዝ በየጎማው ሥር ተጨማሪ የማርሽ ቤት ስላለው የአክስሉ ሆድ ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። የሲቪሉ ያለዚያ ተጨማሪ ማርሽ የተሠራ ሲሆን ከፍታው 22 ሴንቲሜትር ነው። የጦሩ ድምር ማርሽ 5.38፣ የሲቪሉ 5.125 ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው መኪኖቹ መንትያ ናቸው። የጦሩን የኋላ አክስል አውልቆ የሲቪሉ ላይ የገጠመ ሰው ግን አንድ መኪና ውስጥ ሁለት መኪና ከትቷል፤ የፊቱ ጎማና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት መሄድ ይፈልጋሉ፣ የካርዳኑም ርዝመት አይገጥምም። ዘመኑ ደግሞ መለዋወጫ በመደብር የሚታጣበት፣ የውጭ ምንዛሪ ለግለሰብ የማይታሰብበት ነበር። የተገኘውን ማስማማት ግዴታ ሆነ፤ ከዚህም የተነሳ ደርግ ያፈራቸው መካኒኮች ካታሎግ ሳያዩ በካሊፐር መሥራት የለመዱ ናቸው።

ቶዮታ ከዚህ ቀደም ብሎ ቢገባም ሜዳውን የያዘው ቀስ እያለ ነው። ወኪሉ ሞኤንኮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ 40 ተከታታይ ላንድክሩዘር በጃፓን መሠራት የጀመረው በዓመቱ ነው። የላንድሮቨርን ዙፋን የነጠቀው ግን የ1977ቱ ረኃብ ነው ማለት ይቻላል። የርዳታ ድርጅቶች ወደ ወሎና ትግራይ ሲጎርፉ የያዙት መኪና በአብዛኛው ነጭ ላንድክሩዘር ነበር፤ 70 ተከታታይ የተባለው ዛሬም ድረስ የሚመረተው ዓይነት የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1984፣ በዚያው ሰሞን ነው። ድርጅቶቹ ዘመቻቸውን ሲጨርሱ መኪኖቹ በጨረታ ተሸጡ። የተጋጩትና የተገለበጡት ተፈትተው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገቡ። ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣው ያገለገለ ዕቃም እዚያው ይራገፋል። እንዲህ ሆኖ የአክስል ገበያ ተፈጠረ። አንድ ሰው አክስል የሚገዛው ከነታሪኩ ሳይሆን በዓይን ነው፤ ከየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ ሻጩም ሁልጊዜ አያውቅም።

ስለዚህ የማስማማቱ ሥራ የሚጀምረው ገና ብር ሳይቆጠር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የዲፈረንሻሉ ማርሽ ነው። ላንድክሩዘር 40 በ4.11 ማርሽም በ3.70 ማርሽም ተሠርቷል፤ አንደኛው 37 ጥርስ ኮሮና ለ9 ጥርስ ፒኞን፣ ሁለተኛው 37 ለ10 ነው። ልዩነቱ አንዲት ጥርስ ናት። የፊቱ 4.11 ሆኖ ኋላ 3.70 ከገባ፣ ካርዳኖቹ እኩል ሲዞሩ የኋላ ጎማ ከፊቱ 11 በመቶ ቀድሞ ለመሄድ ይታገላል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይካሳል፤ ደረቅ መንገድ ላይ አራቱንም ጎማ የሚያሠራው ዶፒያ ከገባ ግን ትራንስፈሩ ወይም ክሮቼራው ዋጋ ይከፍላል።

ክዳን ሳይከፈት ማርሹን ማወቂያ መንገድ አለ፤ ብልሃቱ ከትምህርት ቤት ይልቅ በጋራዥ ይታወቃል። አንዱ ጎማ መሬት ይዞ ይቆማል፣ ሌላው በክሪክ ይነሳል። ጎማው ላይና ፍላንጁ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል። ረዳቱ የተነሳውን ጎማ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ አንዱ ጎማ ስለቆመ ኮሮናው አንድ ዙር ብቻ ይዞራል። መካኒኩ ተንበርክኮ የፍላንጁን ዙር ይቆጥራል። አራት ዙርና ትንሽ ፈቅ ካለ 4.11፣ አራት ሊሞላ ሩብ ያህል ከቀረው 3.70፣ ለአምስት ሩብ ያህል ከጎደለው የላንድሮቨሩ 4.7 ነው። አራት ጣት ሳይቆሽሽ ሻጭ የተናገረውን ያረጋግጣል ወይም ያፈርሳል።

የአዲስ አበባ ሰው ትልቁን ቁጥር የሚመርጥበት ምክንያት ደግሞ ተራራው ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ የሚሸከመው ኦክስጅን ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደረስ ጉድለቱ ይብሳል። ለሬንጅሮቨር የፈጣን ጎዳና ጉዞ የተሠራ 3.54 ዲፈረንሻል ላንድሮቨር ላይ ሲገባ ሜዳ ላይ ሞተሩ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። በዳገት ግን ሁለተኛ ማርሽ የሚበቃበት ቦታ ሁሉ አንደኛ ይፈልጋል። አውሮፓ ውስጥ ማሻሻያ የሚባለው ቅያሬ የካ ተራራ ሥር ውድቀት ይሆናል።

ቀጥሎ የሚታየው ፍላንጁ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በመሃል ያለው ክብ ከንፈር ከካርዳኑ ጎድጓዳ ጋር ሳይወላውል መግባት አለበት፤ ዘንጉን መሃል የሚያቆመው ከንፈሩ እንጂ ብሎኖቹ አይደሉም። ካልገጠመ ሦስት አማራጭ አለ። የአክስሉን ፍላንጅ ጥርሱ ከፒኞኑ ጥርስ ጋር በቁጥርም በስፋትም በሚገጥም ሌላ ፍላንጅ መቀየር፣ ማስማሚያ ክብ ሰሌዳ በቶርኖ ማስወጣት፣ ወይም ሁለት ዓይነት ልክ ያለው ክሮቼራ መጠቀም ይቻላል። የመጨረሻው ዘዴ ሁለቱ ሹካዎች በአንድ ልኬት ከተቀራረቡ ይሠራል። በስፓይሰር አጠራር 1310 የሚባለው ክሮቼራ ቆቡ 27 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 82 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 1330 የሚባለው ቆቡ ያው 27 ሆኖ ወርዱ 92 ነው። አንዱ ክንድ የዚህ፣ ሌላው ክንድ የዚያ ሆኖ የተሠራ ክሮቼራ ሁለቱን ያገናኛል። 1350 ግን ቆቡ ራሱ 30 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ሲታይ ቢመሳሰልም ሹካው ውስጥ አይገባም። ማስማሚያ ሰሌዳ ደግሞ አንድ ዕዳ አለበት፤ በውፍረቱ ልክ ርቀቱን ያሳጥራል፤ ስለዚህ ርዝመት የሚለካው ሰሌዳው ከታሰረ በኋላ ነው።

ርዝመቱ የሚለካው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ እንዳረፈ ነው። በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ የተለካ ካርዳን አክስሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ረዝሞ ይወጣል። ከክሮቼራ መሃል እስከ ክሮቼራ መሃል ያለው ርቀት ይያዛል፤ በተለምዶ ጥርሳም መጋጠሚያው ወደ ውስጥ የሚገባበት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይተዋል። ከዚያ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ቶርኖ ቤቱ የአሮጌውን ብየዳ ገፍፎ ሹካውን ያወጣል፣ ቱቦውን ይቆርጣል፣ ሹካውን መልሶ ይሰካል። የመቁረጫው አፍ ቀጥ ካላለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ስለዚህ ሹካው በአራት ቦታ ነጥብ በነጥብ ይበየድና ዘንጉ ቶርኖው ላይ እየዞረ በሰዓት መለኪያ መሃሉ ይታያል። ከተጣመመ በመዶሻ ጫፍ ይመለሳል። ዙሪያውን የሚበየደው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ነው የብዙ ካርዳን ዕጣ የሚወሰነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የዘንጉ ሹካዎች በአንድ ጠለል ላይ፣ ጆሮ ለጆሮ መመሳሰል አለባቸው። ምክንያቱ የክሮቼራ ጠባይ ነው። ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ የሚቀበለው ዙር እኩል ቢሆንም የሚሰጠው ዙር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በ10 ዲግሪ ልዩነቱ 1.5 በመቶ ገደማ ነው፤ በ20 ዲግሪ 6 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ክሮቼራ በትክክል ከተቃኘ የመጀመሪያው ያፈጠነውን እሱ ያዘገያል፣ ዲፈረንሻሉም የተስተካከለ ዙር ያገኛል። ካልተቃኘ ሁለቱ ስህተቶች ይደመራሉ። ካርዳን ሠሪው ሃርዲ ስፓይሰር በላንድሮቨር ካርዳን ሁለት ክፍሎች ላይ ቀስት የቀረጸው ለዚህ ነበር፤ ቀስት ለቀስት ካልገጠመ ጥርሱ ውስጥ መግባቱ ምንም ዋስትና አይሆንም። ለግራሶ ብቻ ካርዳን ፈትቶ አንድ ጥርስ ዞሮ የከተተ ረዳት፣ ምንም ሳይሰብር መኪና ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ማዕዘኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ክሮቼራዎች ስህተታቸውን የሚያጣፉት የካምቢዮው መውጫና የፒኞኑ መግቢያ ትይዩ ሲሆኑ ነው። የሌላ መኪና አክስል ሲገባ የባሌስትራ መቀመጫው በሌላ ማዕዘን ስለሚበየድ ፒኞኑ ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ያያል። ጥቂት ዲግሪ ከሆነ በባሌስትራውና በመቀመጫው መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ያርመዋል፤ ከበዛ መቀመጫው ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። በቁመት ብቻ ሳይሆን በጎንም ማየት ያስፈልጋል። የላንድሮቨር ሲሪየስ ዲፈረንሻል ከመሃል ወደ ቀኝ ተገፍቶ የተቀመጠ ሲሆን ትራንስፈሩም ከዚያው ወገን ያወጣል። እምብርቱ መሃል የሆነ አክስል ሥሩ ከገባ ካርዳኑ ወደ ታችም ወደ ጎንም ያጋድላል፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ተደምረው ክሮቼራው ይቸገራል። አጭሩ ላንድሮቨር ላይ ካርዳኑ ራሱ አጭር ስለሆነ ይኸው ችግር እጥፍ ይሰማል።

የመጨረሻው ባላንስ ነው። በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ 7.50 ጎማ የታሰረበት፣ 4.1 ማርሽ ያለው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካርዳኑ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት ቱቦው ላይ ያለ የብየዳ ጉብታ እንኳ ራሱን ያሰማል። የባላንስ ማሽን በሌለበት የሚሠራው የድሮ ዘዴ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ዘንጉ ላይ ይጠበቅና ጭንቅላቱ እየዞረ ይሞከራል፤ መንቀጥቀጡ የቀነሰበት ቦታ ላይ ትንሽ ብረት ይበየዳል። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል ግን።

ይህ ሁሉ ድካም በመኪናው ወረቀት ላይ ዱካ የለውም። ሊብሬ የሚመዘግበው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ነው፤ ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ የሚቀርብ ላንድሮቨር ሥሩ የማን አክስል እንደያዘ የሚጠይቅ መስመር የለም። ገዢ የሚያውቀው ሥሩ ገብቶ ካየ ብቻ ነው። አሮጌ መኪና በዕድሜው እንዲቆይ የሚያደርገው ጫና ደግሞ አልቀነሰም፤ ያገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ከባድ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለው ይጠገናል፣ የተጠገነውም ይሸጣል።

ካርዳን የተቀየረለት መኪና መሞከሪያው ደልዳላ ጎዳናና ዳገት ነው። መንቀጥቀጡ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ብቻ መጥቶ ከዚያ በላይ ከጠፋ ባላንሱ ይጠረጠራል። ጉልበት ሲሰጥ ብቻ ከመጣ፣ ባሌስትራው ተጠምዝዞ ፒኞኑን ወደ ላይ እያነሳው ስለሆነ ማዕዘኑ እንደገና ይታያል። ማርሽ በተነካ ቁጥር «ጎ» የሚል ድምፅ ካለ ጥርሳም መጋጠሚያው አርጅቷል። ሙከራው አልፎ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ፣ ክሮቼራው ግራሶ ይጠጣል። ተቆርጦ የቀረው የቱቦ ቁራጭ ጋራዡ ጥግ ይከማቻል፤ ሲበዛ በኪሎ ተመዝኖ ብረት ሰብሳቢ ይወስደውና ምናለሽ ተራ ሌላ ዕቃ ይሆናል።